ጊዮርጊስ አናት ላይ ያለው የአየር ጉድጓድ

ጋሽ ፍቅሬ አውሮፕላን መከስከስ የጀመሩት በ1979 ዓ.ም. ኅዳር ውስጥ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ጊዜ፣ በማግስቱ ሦስት ጊዜ ወደቁ። የሚወድቁት ሁልጊዜ አንድ ቦታ፣ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አናት ላይ ነው። ከወደቁ በኋላም ሁልጊዜ ከወንበራቸው ዞር ብለው ለባዶው ክፍል «ይቅርታ፣ ተሳፋሪዎች» ይላሉ።

እኔ አይናዲስ የሙከራ ክፍሉ ጸሐፊ ነበርኩ። ሥራዬ ከጎናቸው ተቀምጬ አወዳደቃቸውን በቅጽ መሙላት ነው። ከዶሮ ማነቂያ ሰፈር ልጅ ብዙ ዓይነት ነገር ይጠበቃል፤ ይሄ ግን አይጠበቅም።

አንድ ወንድም አገር አውሮፕላን ማብረር የሚያስተምር የኮምፒዩተር ፕሮግራም እየሠራ ነበር። ያኔ አገር ሁሉ ወይ ወንድም ነው ወይ ጠላት፤ ጎረቤት የሚባል ነገር አልነበረም። ፕሮግራሙ ገና አላለቀም። ከማለቁ በፊት ስህተቱን ፈልጋችሁ ንገሩን ብለው የሙከራ እትሙን በዲስኬት ይልኩልናል። እኛ በኮምፒዩተሩ ላይ እናበርራለን፤ ስህተት ስናገኝ ጽፈን እንልካለን፤ እነሱ አርመው ሌላ እትም ይልካሉ። ቢሯችን ፒያሳ፣ ከአንድ ጣሊያናዊ የተወረሰ ፎቅ ላይ ነበር። ከፎቁ ሥር ኬክ ቤት አለ። ስኳር በቀበሌ ካርድ በሚታደልበት ዘመን ቀኑን ሙሉ የኬክ ሽታ እያሸተቱ መሥራት ራሱን የቻለ ቅጣት ነው።

ወንድሞቻችን ሁለት ሞካሪ ጠይቀው ነበር፤ አንዱ የበረራ ተማሪ፣ ሌላው አውሮፕላን ነክቶ የማያውቅ ግን መሪ የለመደ ሰው። የበረራ ተማሪው ሲራጅ ነው። ቀጭን፣ ዝምተኛ ልጅ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት መጥቶ አንድም ነገር ሳይነካ አብርሮ አርፎ ይሄዳል። መሪ የለመዱት ጋሽ ፍቅሬ ናቸው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከጊዮርጊስ ለገሃር የከተማ አውቶቡስ ነድተዋል። ዓይናቸው ሩቅ አላይ ሲላቸው ከመሪው አወረዷቸውና ጡረታቸው እስኪደርስ ወደ እኛ ተላኩ። ከሰዓት በኋላ የሚያበርሩት እሳቸው ናቸው። ለጡረታ የቀራቸው አራት ወር ብቻ ነበር።

አበራረራቸውን ባያችሁ! ከመነሳታቸው በፊት በግራ ትከሻቸው በኩል የሌለ መስታወት ያያሉ። ቸርችል ጎዳና አናት ላይ ሲደርሱ ከመሬት ያን ያህል ርቀው «ቁልቁለት ነው» ብለው ፍጥነት ይቀንሳሉ። ቴዎድሮስ አደባባይን አንድም ቀን በላዩ አቋርጠው አያውቁም፤ በሥርዓቱ ይዞሩታል።

«ጋሽ ፍቅሬ፣ ሰማይ ላይ አደባባይ የለም» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ትራፊክ ግን አይጠፋም» አሉኝ።

ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ከተማው በአረንጓዴ መስመር ተሥሏል። አብዛኛው ሳጥን ነው። የምንሠራበት ፎቅ ሳጥን፣ ማዘጋጃ ቤቱ ሳጥን፣ ሲኒማ ቤቱም ሳጥን። ጊዮርጊስ ብቻ ስምንት ማዕዘኑን ጠብቆ ቁጭ ብሏል። የወንድም አገር መሐንዲሶች ከላይ የተነሳ ፎቶ አይተው ደስ ብሏቸው መሆን አለበት።

እስከ አራተኛው ቀን ድረስ የማየው ስክሪኑን ነበር። በአራተኛው ቀን ሰለቸኝና እጃቸውን አየሁ። ስምንት ማዕዘኑ ብቅ ሲል ቀኝ እጃቸው ከቁልፉ ተነሳ። ግንባር፣ ደረት፣ ግራ ትከሻ፣ ቀኝ ትከሻ። ከንፈራቸው በስመ አብ ይላል። ቀኝ እጅ የሚጫነው ቁልፍ ደግሞ አውሮፕላኑን ከፍ አድርጎ የሚይዘው ነው። ለሦስት ሰከንድ ሲለቀቅ አፍንጫውን ደፍቶ ወረደ።

«ጋሽ ፍቅሬ! አማተቡ እኮ!»

«እኔ? መቼ?»

የምራቸውን ነው፤ አላወቁትም። እጃቸውን የሰው እጅ ይመስል አገላብጠው አዩት።

«ሃያ ሁለት ዓመት በዚያ በር ሳልፍ ተሳልሜያለሁ» አሉኝ። «በአንድ እጄ መሪ፣ በአንድ እጄ ስሙን። አውቶቡሷ አንድ ቀን እንኳ ጎማዋ አልተንሸራተተም።»

«አውቶቡስ መሬት ላይ ነው የሚሄደው!» ብዬ ጮህኩ። እንዲህ ያለ ነገር ጮኼ ለማስረዳት ደመወዝ እንደሚከፈለኝ ሳስብ ሳቄ መጣ።

ሳቄ ግን ቶሎ ጠፋ። የክፍሉ ካድሬ ጓድ አባይነህ የሚቀመጠው ከግድግዳው ወዲያ ነው። ባለፈው ፋሲካ የዕቃ ክፍሉ ሠራተኛ መሳቢያ ውስጥ ዳዊት አግኝቶ ነበር፤ በሳምንቱ ሰውየው ሥራ አልነበረውም። ጋሽ ፍቅሬ በሥራ ሰዓት፣ በመንግሥት ኮምፒዩተር ላይ ማማተባቸው ቢታወቅ አራት ወሯም ሃያ ሁለት ዓመቷም ገደል መግባቷ ነው። እኔም ብሆን የፓርቲ እጩ አባል ነበርኩ። በልቤ ሳይሆን የቀበሌ ቤት ይሰጠኛል ብዬ ነው፤ ግን እጩ እጩ ነው። ፈራሁ። ቅጹ ላይ «የስህተቱ ምክንያት» የሚል ቦታ አለ። ጓድ አባይነህ ሊፈርም ሲመጣ እሱ ቦታ ባዶ ነበር። ሲራጅ አንድ ቀን አውሮፕላን በድንገት ቁልቁል ስለሚጥል አየር ያወራኝ ትዝ አለኝና ጻፍኩ፦ የአየር ጉድጓድ።

ጓድ አባይነህ አነበበው። «ጓድ ሲራጅ ለምን አይወድቅም ታዲያ?»

«ሲራጅ የሚያበርረው ጠዋት ነው» አልኩ። አፌ ከእኔ ቀድሞ ይሄድ ነበር። «ከቀትር በኋላ የፒያሳ ቆርቆሮ ይግላል። ያ ሙቀት ወደ ላይ ሲወጣ ጊዮርጊስ አናት ላይ ጉድጓድ ይከፍታል።»

ኮምፒዩተሩ ውስጥ ፀሐይም ቆርቆሮም እንደሌለ ሁለታችንም እናውቃለን። ጓድ አባይነህ ግን አሰበበትና «ሳይንሳዊ ነው» ብሎ ፈረመ። ማኅተም ተመታበት፤ በፖስታ ወደ ወንድም አገር ሄደ።

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል። የእኔዋ እያደር ከበደች።

በዚህ መካከል ጋሽ ፍቅሬን ለማስተው ያልሞከርኩት የለም። እጃቸውን በአሮጌ የጽሕፈት መኪና ሪባን ከጠረጴዛው ጋር አሰርኩት። ያን ቀን ስምንት ማዕዘኑ ሲመጣ እጃቸው ቢያቅተው አንገታቸው ተሳለመ፤ ግንባራቸው ቁልፎቹን መታና አውሮፕላኑ በጀርባው ተገለበጠ። ዓይናቸውን እንዲጨፍኑ ነገርኳቸው። ዓይናቸውን ጨፍነውም የት እንደደረሱ ያውቃሉ። መጨረሻ ላይ ተናደድኩ።

«ጋሽ ፍቅሬ፣ እሱስ ጊዮርጊስ ነው፤ ይረዳዎታል። ጓድ አባይነህ ግን አይረዳዎትም። ይማሉልኝ!»

እጃቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩ። ከዚያ በጣም በሐዘን፣ «ጊዮርጊስን! ሁለተኛ እዚህ ወንበር ላይ አላማትብም» ብለው ማሉ።

በጊዮርጊስ ስም ለጊዮርጊስ ላለማማተብ መማል ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ ቄስ ይጠየቅ። መሐላው ግን ሠራ። ስምንት ማዕዘኑ ሲመጣ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ ላብ በላብ ሆነው፣ በሁለት እጃቸው ቁልፎቹን ጨምድደው ያልፋሉ። ካለፉ በኋላ የሚያርፉት ፊታቸው ጠቁሮ ነው። እኔ «ጉድጓዱ ጋብ ብሏል» እያልኩ እሞላለሁ።

በጥር ወር አምስተኛው እትም መጣ፤ ደብዳቤም አብሮ። ደብዳቤው በሰዎቹ ቋንቋ ስለነበር ተርጓሚ ዘንድ ተላከ። ዲስኬቱን ጓድ አባይነህ መሳቢያው ውስጥ ቆለፈበት፤ ትልልቅ እንግዶች ሊጎበኙን ስለሆነ በፊታቸው መከፈት አለበት አለ። በጉብኝቱ ዋዜማ ደግሞ ወደ ጠረጴዛዬ መጣ።

«ነገ የሰፊው ሕዝብ ተወካይ ሆነው የሚያበርሩት ጓድ ፍቅሬ ናቸው» አለኝ። «እንግዶቹ ፊት ቢወድቁ ከነገ ወዲያ እዚህ እንዳላያቸው። ንገሪያቸው።»

ነገርኳቸው። «ምያለሁ አይደል?» ብቻ ነው ያሉኝ።

እንግዶቹ አምስት ናቸው፤ ከፊት የተቀመጡት ካኪ የለበሱ ወፍራም ሰው አለቃቸው ነበሩ። መጀመሪያ ሲራጅ በረረ። የሚያምር አነሳስ ተነሳ፤ ቸርችልን ይዞ ወጣ፤ ጊዮርጊስ ጋ ሲደርስ አውሮፕላኑ ተንቀጠቀጠ። ሲራጅ ቁልፉን በኃይል ተጫነ። አውሮፕላኑ እንደ ድንጋይ ወረደ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደቀ፤ ያውም በጠዋት፣ ቆርቆሮው ሳይግል። ልጁ ከወንበሩ ተነሳ። ጓድ አባይነህ ፊቱ አመድ መሰለ።

ትርጉሙን የያዘው ተላላኪ በሩን የከፈተው በዚያች ደቂቃ ነው። ፖስታውን ቀደድኩት። እንዲህ ይላል፦ «ስለላካችሁልን ጠቃሚ መረጃ እናመሰግናለን። በከተማችሁ መሐል የሚገኘው የአየር ጉድጓድ በአምስተኛው እትም ውስጥ ገብቷል። ጉድጓዱ ውስጥ የገባ አብራሪ አውሮፕላኑን መታገል የለበትም። ቀኝ እጁን ለሦስት ሰከንድ ከቁልፉ ያንሳ፤ አውሮፕላኑ ራሱ ይወጣል።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ውሸቴን አምነውኝ ነበር። አምነው፣ አስልተው፣ ሠርተው ልከውልኛል። ቀና ስል ጋሽ ፍቅሬ መስታወታቸውን አይተው ተነስተዋል። ቴዎድሮስ አደባባይን ዞረው ሽቅብ እየመጡ ነው፤ ሁለት እጃቸው ቁልፎቹ ላይ ተጣብቋል።

«ጋሽ ፍቅሬ» አልኩ ቀስ ብዬ፣ «ሲደርሱ እጅዎን ያንሱ።»

«ምያለሁ፣ ልጄ።»

«አሁን ይፈቀዳል! ያንሱት!»

«አትፈትኚኝ» አሉና የበለጠ ጨመደዱት።

«ጸጥታ!» አለ ጓድ አባይነህ።

ስምንት ማዕዘኑ ታየ። አውሮፕላኑ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሰውየው ሃያ ሁለት ዓመት እፊቴ ሊወድቅ ነው፤ የጣልኩትም እኔ ነኝ። ምንም አላሰብኩም። ሄጄ ከስክሪኑ አጠገብ ፊት ለፊታቸው ቆምኩ፤ በአምስቱ እንግዶችና በጓድ አባይነህ ፊት እጄን ወደ ግንባሬ አነሳሁና ረጋ ብዬ አማተብኩ። በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ።

እጃቸው ተከተለኝ። መሐላውን ሳይጠይቅ ተነስቶ ግንባር፣ ደረት፣ ግራ፣ ቀኝ አለ። አውሮፕላኑ ትንሽ ወረደ፤ ቀጥ አለ፤ ከዚያ አፍንጫውን አንስቶ ወጣ። ጋሽ ፍቅሬ አርፈው፣ ፍሬን ይዘው፣ ሞተር አጠፉ። እንግዶቹ አጨበጨቡ።

ጭብጨባው ሲያልቅ ካኪ የለበሱት ሰው፣ «ይሄ የእጅ እንቅስቃሴ ምንድን ነው?» አሉ።

 ደብዳቤውን ዘረጋሁላቸው። «የአየር ጉድጓድ መውጫ መመሪያ ነው፣ ጓድ። ከወንድም አገር የመጣ።»

አነበቡት። «ሦስት ሰከንድ ይላል። እጁ የት የት እንደሚሄድ ግን አይልም።»

«በእኛ ሁኔታ የዳበረ ነው» አለ ጓድ አባይነህ። ድምፁ ቀጥኖ ነበር። እሱም ክርስቲያን ቤት ያደገ ነው፤ ያየውን በደንብ አውቋል። «አራቱ ነጥቦች ተነክተው ሲያልቁ ልክ ሦስት ሰከንድ ይሆናል። ሰዓት መያዝ አያስፈልግም።»

«ግሩም!» አሉ እንግዳው። «ለአብራሪ ተማሪዎች ሁሉ በአስቸኳይ ይሰጥ።»

ጋሽ ፍቅሬ ሳምንቱን ሙሉ አኮረፉኝ። «አስምለሽኝ አስፈረስሽኝ» ይላሉ። እኔ አዳንኳቸው ብዬ እኮራለሁ፤ እሳቸው ስለ መሐላው ንስሐ ገብተው ይጾማሉ።

ጓድ አባይነህ ግን ሥራ በዛበት። በትልቅ ወረቀት ላይ ሰው አሥሎ አራት ቀስት አደረገበት። ቁጥር አንድ ግንባር፤ ቁጥር ሁለት ደረት፤ ቁጥር ሦስት ግራ ትከሻ፤ ቁጥር አራት ቀኝ ትከሻ። ሃያ የበረራ ተማሪዎች በሁለት ረድፍ ይቆማሉ፤ እሱ ይጠራል፤ እነሱ ይነካሉ። በዳዊት ምክንያት ሰው ያባረረ ካድሬ በሥራ ሰዓት ሃያ ሰው በአንድ ድምፅ ሲያስማትብ እኔ የጽሕፈት መኪናዬ ላይ አንገቴን ደፍቼ ሳቄን ውጬ ልሞት ደርሻለሁ።

ሲራጅ እጁን አወጣ። «ጓድ፣ እኔ ሙስሊም ነኝ። ሦስት ሰከንዷን ብቻ ብወስድስ? ቢስሚላህ ስል ልክ ትሞላለች።»

«ይሄ ሃይማኖት አይደለም፤ መመሪያ ነው» አለው ጓድ አባይነህ።

«እሺ» አለ ሲራጅ፤ እጁን አየር ላይ አንጠልጥሎ በልቡ ያለውን ብሎ አወረደ። ማንም አልተናገረውም።

በየካቲት አንድ ማክሰኞ ጋሽ ፍቅሬ አርአያ ሆነው እንዲያሳዩ ተጠሩ። ጡረታቸው አራት ሳምንት ቀርቶታል። ተማሪዎቹ ከኋላቸው ቆሙ። ጋሽ ፍቅሬ ተነሱ፤ አደባባዩን ዞሩ፤ ሽቅብ ወጡ። ስምንት ማዕዘኑ ሲታይ ጓድ አባይነህ ጮኸ።

«ቁጥር አንድ! ግንባር!»

እጃቸው አልተነሳም። እያየሁት ነበር፤ ቁልፉ ላይ ተቀምጦ ቀረ። አውሮፕላኑ ወደቀ።

«ይቅርታ፣ ተሳፋሪዎች» አሉ።

እንደገና ተነሱ። «ግንባር! ደረት!» አለ። ወደቁ። በሦስተኛው ጓድ አባይነህ ጆሯቸው ሥር ሆኖ አራቱንም ደረደረላቸው። ወደቁ። ሪባን ያልያዘው እጅ፣ ዓይን ተጨፍኖም መንገዱን የማይስት እጅ፣ ዛሬ እንቢ አለ።

ጋሽ ፍቅሬ ወንበራቸውን ገፍተው ተነሱ። አልተቆጡም። «ጓድ አባይነህ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አሉ። «እኔ የማውቀው በስሙ ነው። በቁጥር አልችልበትም።»

ኮታቸውን ለብሰው ወጡ። ተማሪዎቹ ተበተኑ። ጓድ አባይነህ አንገቱ ሥር ደም ሥሩ ቆሞ ወደ እኔ ዞረ።

«ወረቀት አስገቢ! ጻፊ! ጓድ ፍቅሬ የተሰጣቸውን መመሪያ በተማሪዎች ፊት ሦስት ጊዜ አልፈጽምም በማለታቸው ከዛሬ ጀምሮ ከሥራ...»

እየጻፍኩ ቆምኩ።  አራት ሳምንት ብቻ!

«ምን ለማድረግ እንቢ አሉ ልበል?»

«መመሪያውን ለመፈጸም!»

«ወደ ላይ ሲሄድ መመሪያው ምን ነበር ብለው ይጠይቃሉ፣ ጓድ። ተዘርዝሮ ይጻፍ ይላሉ።»

«ዘርዝሪው ታዲያ!»

ዘረዘርኩት፤ ጮክ ብዬም አነበብኩለት። «ግንባራቸውን፣ ከዚያ ደረታቸውን፣ ከዚያ ግራ ትከሻቸውን፣ ከዚያ ቀኝ ትከሻቸውን ለመንካት እንቢ በማለታቸው።» ከዚያ ቀና ብዬ አየሁት። «ረዘመ፣ ጓድ። ‹ለማማተብ እንቢ በማለታቸው ከሥራ ተሰናብተዋል› ብዬ ላሳጥረው?»

ጓድ አባይነህ ግድግዳው ላይ የተሣለውን ሰው አየ፤ ከነአራት ቀስቱ። ከታች ኬክ ቤቱ ትኩስ ነገር አውጥቶ ሽታው ክፍሉን ሞላው። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ግንባሩን በመሐረብ ጠረገ።

«ምክንያት በሚለው ላይ» አለ በመጨረሻ፣ «ስትጽፊው የነበረው ምን ነበር?»

«የአየር ጉድጓድ።»

«እሱን ጻፊ።»

ወረቀቱን ከጽሕፈት መኪናው መዝዤ ቀደድኩትና ቅጹን አስገባሁ። እሱ ሲፈርም እኔ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ጋሽ ፍቅሬ አስፋልቱን ተሻግረው ጊዮርጊስ በር ላይ ቆመዋል። ባርኔጣቸውን አውልቀው ብብታቸው ሥር አደረጉት። ሁለቱም እጃቸው ባዶ ነበር፤ መሪም ቁልፍም አልያዘም። ቀኙ ቀስ ብሎ ተነሳ። አንድ አውቶቡስ ሞልቶ አጠገባቸው ሲያልፍ ሹፌሩ ባንድ እጁ መሪ ይዞ፣ ባንድ እጁ ተሳልሞ ሄደ። ጋሽ ፍቅሬ ግን እዚያው ቆመው በጣም ብዙ ቆዩ።